ሕፃናቱ የሳቁት በማይክሮፎኑ እግር ነው፤ ለሰኔ 30 ምን ዓይነት ጭውውት ይሻላል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። በአማኑኤልና በደምበጫ መካከል ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። እምቢ ማለት ስለማልችልበት የቴአትርና የሚኒ ሚዲያ ክበቡም እኔው ላይ ወድቋል።

አምና ለሰኔ 30 ያዘጋጀነው ጭውውት 25 ደቂቃ የፈጀ ነበር። ንጽሕና አለበት፣ ማርፈድ አለበት፣ ወላጅን ማክበር አለበት፤ ያልተጠቀጠቀበት ምክር አልነበረም። ልጆቹ ቃላቸውን ሦስት ሳምንት አጥንተዋል። ሜዳው ላይ ሲወጡ ግን ድምፃቸውን ነፋስ ወሰደው። ሞንታርቦው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ያሉትን እንግዶች ያደነቁራል፤ ኋላ ሣር ላይ የተቀመጡት ሕፃናት ጋ ሲደርስ ጉምጉምታ ብቻ ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉት ሣር እየነጩ መወራወር ጀመሩ።

በዚህ መሐል የማይክሮፎኑ እግር ቀስ እያለ ቁልቁል መስመጥ ጀመረ። ምክትል ርዕሰ መምህራችን ተነሥተው ከፍ አድርገው አጠበቁት። ገና ዞር ከማለታቸው ወረደ። ተመልሰው አጠበቁት፤ ወረደ። ሦስተኛ ጊዜ ካጠበቁት በኋላ ጀርባ ላለመስጠት የኋሊት እየተራመዱ፣ ዓይናቸውን ማይክሮፎኑ ላይ ተክለው ወንበራቸው ጋ ደረሱ። ቁጭ ሲሉ ወረደ። ያ ሁሉ ሕፃን በሳቅ ወደቀ። አንዱ የ2ኛ ክፍል ልጅ ሆዱን ይዞ የተንከባለለው እስከ ባንዲራ መስቀያው ድረስ ነው። የእኛ የሦስት ሳምንት ጥናት ግን አንዲት ፈገግታ አላገኘም።

እኔ የምለው ለትንንሽ ልጆች የምንሠራው ጭውውት ቃል በዝቶበታል ነው። ዘንድሮ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከሜዳው ዳር ሆኖ የሚታይ፣ ማንንም የማያሳፍር ነገር እፈልጋለሁ። ልጅ ሆናችሁ ያሳቃችሁን፣ ወይም ሠርታችሁት ልጆች የሳቁበትን ንገሩኝ።

ከዚያ በኋላ የተጻፈው

መልሱ 33 ደርሷል። ዘግይተው የሚገቡት ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለታከታቸው በየቀኑ ያለቀው ምን ላይ ነው እያሉ ይጠይቁኛል። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝና እኔው ልተርከው። የሰው ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ፍርዴን ግን እዚህም እዚያም ጣል አደርጋለሁ፤ ቅር ያለው ይጻፍብኝ።

1ኛ መልስ የመጣው ከደብረ ማርቆስ፣ ዕድሜያቸውን በ1ኛ ክፍል ካሳለፉ ጡረተኛ መምህርት ነው። ማይክሮፎኑ በአጋጣሚ ቢወድቅም ሳቁ በአጋጣሚ አልመጣም ይላሉ። የመጀመሪያው መውረድ ለልጅ ምንም አይደለም፣ ዕቃ ይወርዳል። ሁለተኛው ላይ ልጁ አንድ ነገር ይጠረጥራል። ሦስተኛው ላይ ምክትሉ ሳያውቁ ልጁ አውቆ ይጠብቃል፤ የሚስቀውም ከትልቁ ሰው ቀድሞ በማወቁ ነው። ደግሞም ሦስተኛው እንደ ሁለቱ አልነበረም፤ የኋሊት መራመድ ተጨምሮበታል። አራተኛ ጊዜ ያንኑ ቢደግሙት ኖሮ ሣር መነጨቱ ይቀጥል ነበር። እኔ ሜዳው ላይ ቆሜ እያየሁ ይህን አላስተዋልኩም፤ እሳቸው ከቤታቸው ሆነው አዩት።

2ኛው እንቆቅልሽ እናድርግ አለ። 3ኛው እንቆቅልሽ የምድጃ ዳር ነገር እንጂ የሜዳ አይደለም፣ ልጅ አገር ስጠኝ እያለ በሞንታርቦ ሲጮህ የሚሰማው ዘበኛው ብቻ ነው ብሎ መለሰለት። ልክ ነው።

4ኛው የሞጣ መምህር ነው። የማይታየውን አግዳሚ ወንበር አመጣልን፤ ሠርቶት ስለሆነ የጻፈው በደንብ ልዘርዝረው። አንድ ልጅ ጉልበቱን አጥፎ፣ አየር ላይ ቁጭ ያለ መስሎ ይቆማል። ሁለተኛው መጥቶ ምን ላይ እንደተቀመጠ በእጅ ምልክት ይጠይቃል፤ ወንበር ላይ መሆኑን ይነግረዋል፤ አቧራውን አራግፎ አጠገቡ ይቀመጣል። ሦስተኛው ይመጣል፣ ጠጋ በሉልኝ ይላል፣ ሁሉም በጉልበታቸው እየተንፏቀቁ ይጠጋሉ። አራተኛዋ ልጅ እግሯን አጣጥፋ ሹራብ መሥራት ትጀምራለች። አምስተኛው መጥቶ በግርምት ያያቸውና ወንበሩ እኮ ትናንት ወደዚያ ጥግ ተወስዷል ይላቸዋል። እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ዝርግፍ። የሞጣው መምህር ምክር ሁለት ነው፦ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ፣ የልጆቹ ጉልበት ይንቀጠቀጣልና፤ ሲወድቁም በየተራ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይሁን። እሱ ጋ አግዳሚውን የአውቶቡስ መጠበቂያ አድርገውታል፤ አምስተኛው ረዳት ነው፣ ቲኬት ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ነው ስለ ወንበሩ የሚናገረው።

5ኛው አራሚ ነው፤ በየክሩ አንድ አይጠፋም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ ማለት እስከ 6ኛ ክፍል መሆኑን፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ መባሉን አስታውሶ፣ ለየትኛው ክፍል እንደምጠይቅ ለይቼ እንድናገር አሳሰበኝ። በመጀመሪያ ተበሳጭቼ ነበር፤ ቀጥሎ የጻፈው ግን ጠቃሚ ሆኖ አገኘሁት። ሰባት ዓመት ገደማ እስኪሞላው ልጅ አንድን ቃል በአንድ ትርጉሙ ብቻ ስለሚይዘው፣ በሁለት አፍ የሚናገር ቀልድ 1ኛ ክፍል ላይ ውሃ በድንጋይ ነው። 3ኛና 4ኛ ላይ ይገባዋል። 6ኛ ላይ ደግሞ ካልተገታ ወር ሙሉ ይደጋግመዋል።

6ኛው ለዚህ ምሳሌ ሰጠ። አህዮች የምትነዳ ባልቴትን የመንገድ ልጆች የአህያ እናት እያሉ ደህና አደሩ ይሏታል፤ እሷም እግዜር ይመስገን ልጆቼ ብላ ታልፋለች። ሁላችንም የምናውቃት ናት። 7ኛው ቀልዷ የአለቃ ገብረ ሃና ናት፣ እሳቸውም የእኛው የጎጃም ሰው ናቸው ብሎ ተኮፈሰ። 8ኛው አላሳለፈውም። አለቃ የጎንደሯ ፎገራ ናበጋ ተወላጅ መሆናቸውን፣ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ በስማቸው ሲመዘገብ መኖሩን፣ ጎጃም ደግሞ ጎንጅንና ዋሸራን የመሰሉ ቅኔ ቤቶች እያሉት የሰው ሊቃውንት ለምን እንደሚያስፈልገው ጠየቀ። ትንሽ ከረር ያለ ነበር። 7ኛው እስካሁን ተመልሶ አልጻፈም።

9ኛዋ አስታራቂ ናት። ቀልዱ የማንም ይሁን፣ ዋናዋ አህያዋ ናት ብላ አህያ አሠራር አስተማረችን። ሁለት ልጆች፣ ከላያቸው ሁለት ኬሻ የተሰፋ። ጆሮው ከአሮጌ ኮንጎ ጫማ፣ ጭራው ከቃጫ ገመድ። የፊቱ ልጅ ውሃ መጠጣት ይፈልጋል፣ የኋላው መተኛት። ባለቤትየው ከፊት ሲጎትት የኋላው ይቀመጣል፤ ከኋላ ሲገፋ የፊቱ ይቀመጣል። በመጨረሻ ክሩ ይበጠስና አህያዋ ለሁለት ተከፍላ ግማሿ ወደ ግራ ግማሿ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ባለቤትየው የትኛዋን እንደሚከተል ግራ ገብቶት መሐል ላይ ይሽከረከራል። ስፌቱ በደካማ ክር ይሁን ብላ አስጠንቅቃለች፤ እሷ ጋ በወፍራም ክር ሰፍተውት አህያዋ አልከፈል ብላ ሁለቱም ልጆች እውነት ተጣልተዋል።

10ኛው አዲስ አበባ ያደገ ነው። አባባ ተስፋዬን አነሣ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር አብረው ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን እንዳጫወቱ፣ አንዱን ተረት በአያ ጅቦ ድምፅም በጦጢት ድምፅም እየተናገሩ እንዴት እንደሚያስቁ። 11ኛው፣ የሰከላ ልጅ፣ በእነሱ መንደር ቴሌቪዥን ሲባል የሰሙት 8ኛ ክፍል ሲደርሱ ስለሆነ ስለ ጣቢያ ትዝታ ሲወራ እንደሚያናድደው ሳይደብቅ ተናገረ። የእነሱ አባባ ተስፋዬ አጎቱ ነበር፤ አውድማ ላይ ጎተራውን፣ በሬውንና የበሬውን ዝንብ በየተራ ሆኖ ይጫወትላቸው ነበር። ቁጣው ግን ብዙም አልቆየም፤ አባባ ተስፋዬ ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ እየሆኑ ይሠሩ እንደነበር ጨምሮ፣ የእናቱን ነጠላ ለብሶ ወገቡን ያሰረ ወንድ ልጅ ገና ሳይናገር ሕፃናትን በሳቅ እንደሚያፈርስ ጻፈ። የዝንቡን አጨዋወት ብጠይቀውም አላስረዳንም፤ አዝናለሁ።

12ኛው ነጥብ ብቻ ነው። ክሩን ለመከታተል መሰለኝ።

13ኛው፣ ብዙ ቪዲዮ የሚያይ ወጣት ይመስለኛል፣ ክሬም ኬክ ፊት ላይ መለጠፍ፣ ካልተገኘም እንቁላልና ዱቄት መወርወር የማያስቀው ልጅ የለም አለ። እዚህ ላይ የክሩ አየር ተለወጠ። 14ኛዋ የቡሬ እናት ናቸው። ጎተራ በሚሟጠጥበት በሰኔ ወር፣ መሬት የወደቀ እንጀራ ስሞ በሚያነሣ ሕዝብ ፊት እህል መበተን ቀልድ ሳይሆን ነውር መሆኑን ሳያለሳልሱ ነገሩት። የእሳቸው ልጅ እንቁላል ሲፈርጥ ቢያይ የሚታየው ደብተር ነው፤ ደብተሩ የሚገዛው በእንቁላሉ ነዋ። 13ኛው ይቅርታ ጠየቀ፤ እትዬ እያለ ነው የጠየቃቸው፣ ደስ አለኝ። ኬኩ ለፈረንጅ የሚያስቀው እነሱ ጋ ስለተረፈ ነው፤ እኛ ጋ ያልተረፈውን ይዞ ማሳቅ አይቻልም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

15ኛው በዱቄቱ ፈንታ አመድ አለ። 16ኛዋ የጤና ባለሙያ ናት፤ የእንጨት አመድ ከዓይን እርጥበት ጋር ሲገናኝ እንደሚያቃጥል፣ ድሮ እናቶቻችን በአመድ ውሃ ልብስ ያጠቡትም ለዚህ ኃይሉ እንደሆነ አስረድታ ከለከለች። እሷ ያመጣችው የሁለቱን ባልዲ ቀልድ ነው። ሁለት ልብስ አጣቢዎች ይጣላሉ፤ አንዷ በእውነተኛ ውሃ ሌላዋን ትረጫለች፣ እግር ላይ፣ ትንሽ። የተረጨችው ሌላ ባልዲ አንሥታ ታሳድዳታለች። ሸሽታ የምትሮጠው ወደ ተመልካቹ ነው። አሳዳጇ ባልዲውን ስትወረውር የመጀመሪያዋ ጎንበስ ትላለች፤ ፊት የተቀመጡት ሕፃናት ይጮኻሉ፣ ራሳቸውን ይሸፍናሉ። የሚወርድባቸው ካለቀ ደብተር የተቆራረጠ ወረቀት ነው። ፊት ወንበር ላይ የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ሰብሳቢውን ማስቀመጥ እንዳይረሳ አደራ ብላለች።

17ኛው ከእንጅባራ ነው፤ ቀርከሃ የሚሠራ ሰው። ሦስት መቶ ቃል የማይሞላ መልስ ጻፈ፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የተማርኩበት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የጣሊያን ተዘዋዋሪ ተዋንያን ሁለት ስስ ጣውላ እጀታው ላይ ብቻ አጣብቀው ይይዙ ነበር። ሲመቱበት ሁለቱ ጣውላዎች እርስ በርስ ይጋጩና ጧ ይላል፤ የተመታው ግን ምንም አይሰማውም። ፈረንጆች የመውደቅና የመመታት ኮሜዲን እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚያ እንጨት ስም ነው። እሱ ጋ ደግሞ ቀርከሃ በእጁ ነው። ክንድ የሚያህል ቀርከሃ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ከታች በጠፍር አስሮ ሠርቷል፤ ድምፁ ከሜዳው ማዶ ይሰማል። ማይክሮፎን አያስፈልገውም። ለትምህርት ቤታችን አንድ ሊልክልኝ ቃል ገብቷል፤ መኪናው ላይ ያስጫንከው እንደሆነ ንገረኝ ወንድሜ።

18ኛው ቻርሊ ቻፕሊንን ጠቅሶ ከእኔ ጋር ተስማማ። በፈረንጆቹ 1889 ለንደን የተወለደ ሰው፣ አፉን ሳይከፍት፣ በጠባብ ኮትና በሰፊ ጫማ ብቻ ዓለምን ካሳቀ የአማኑኤል ልጆች ምን ይጎድላቸዋል ነው ነገሩ። የአያት ባርኔጣና የአጎት ጫማ ይበቃል።

አሁን ወደ ጠቡ። 19ኛው የመከረው በየሠፈሩ የምናውቀውን የደንቆሮ ሽማግሌ ጭውውት ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ሌላ የሚሰማበት። እንደተለመደው፣ እንደዋዛ ነው የጻፈው። 20ኛው መስማት የተሳናት የ3ኛ ክፍል ልጅ አባት ነው። መልሱን ሲጀምር እርስዎ እያለ ነበር፤ መሐል ላይ አንተ ሆነ። ልጁ አምና እንዲህ ያለ ጭውውት ሲሠራ ተቀምጣ፣ ሰው ሁሉ ለምን እንደሚስቅ አልሰማችም፤ ግን ተዋናዩ ጆሮው ላይ እጁን ሲያደርግ አየች፤ ያ የእሷ እጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ እጇን ጆሮዋ ላይ ማድረግ ትታለች፣ አስተማሪዋም ሳትሰማ የሰማች ይመስለዋል። 21ኛው ይህ እኮ ጨዋታ ነው፣ አባቶቻችንም ስቀውበታል፣ ዘመኑ ሆደ ባሻ ሆነ አለ። 22ኛው 21ኛውን ሰደበው። ስድቡን እዚህ አልተርከውም፤ ስለ እናት ነበር፣ እኔም እንዲነሣ ጠይቄ ተነሥቷል። ለ21ኛው የምለው አለኝ፦ አባቶቻችን የሳቁበት ሁሉ መልሶ አያስቅም፤ የሳቁበት ሰውዬ ሜዳው ላይ አልተቀመጠም ነበር፣ ልጅቷ ግን ተቀምጣለች።

23ኛዋ ጠቡን የፈታችው በክርክር ሳይሆን በሥራ ነው። ከፍኖተ ሰላም ናት። ጆሮው ጤነኛ ይሁን፣ የማይሰማው ቦታው ይሁን አለች፤ ቦታው ወፍጮ ቤት። ከኋላ የቆመ አንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ ዱግ ዱግ ዱግ እያለ ሞተር ይሆናል። ገበሬው ማዳበሪያውን ተሸክሞ ይመጣል። ወፍጮ ፈጪው ምን እንዳመጣ ይጠይቃል። ጤፍ ሲለው ጠፋ የሚል ይሰማና ሁለቱም የጠፋውን ፍለጋ መሬት ላይ ይንበረከካሉ። ስንዴም አለኝ ሲለው ስንቴ ብሎ ይሰማና ሁለት ጣቱን ያሳያል፤ የተፈጨውን መልሶ ሊያስፈጭ ይገለብጣል። ቃሉ ለትልልቆቹ ነው፣ መንበርከኩ ለትንንሾቹ። በመጨረሻ ገበሬው ወፍጮ ፈጪውን ጠጋ ብሎ፣ ማንም እንዳይሰማ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ምስጢሩን ሊነግረው ይጮኻል። ልክ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ቀጥ ይላል። በጸጥታው ውስጥ የገበሬው ጩኸት ብቻውን ይቀራል፦ አውራ ዶሮ እንደሚፈራ። 20ኛው አባት ከዚህ በታች አንዲት አጭር ምስጋና ጽፏል፤ ልጁ ከሞተሮቹ አንዷ እንድትሆን፣ መቆሚያውንም ምልክቱን በእጇ የምትሰጠው እሷ እንድትሆን ጠየቀ። የተሻለ ሐሳብ በዚህ ክር ላይ አላየሁም። ቆጠራ ላይ ለምታተኩሩ ያ መልስ 24ኛ ነው።

25ኛው ሰካራም እየሆነ የሚንገዳገድ ልጅ አስቂኝ ነው አለ፤ ከዚያ አንዱ የአረቄ ነገር አነሣና 26ኛና 27ኛ የቡሬ ይበልጣል የደምበጫ ይበልጣል በሚል ጠፉ። ሕፃናቱን ረስተናቸው ነበር። ሰካራሙ ለእኔ አይሆንም፤ ሜዳው ላይ አባቱን የሚያስታውስ ልጅ አለ።

28ኛው የአብነት ተማሪ የነበሩ፣ አሁን መሪጌታ የሆኑ ሰው ናቸው። በቆሎ ተማሪነታቸው ማታ ማታ ጎጆ ውስጥ ሁለት ጭውውት ይሠሩ ነበር። አንዱ የውሻው ነው፦ አንድ ልጅ ደበሎውን ገልብጦ ለብሶ ውሻ ይሆናል፤ ሌላው አኩፋዳውን አንግቶ በእንተ ስማ ለማርያም ሊል አፉን በከፈተ ቁጥር ውሻው ያቋርጠዋል፤ በእን ሲል ው፣ በእንተ ስ ሲል ው። በመጨረሻ ልጁ ሲደክመው ልመናውን ውሻው ይጨርስለታል፤ ያውም በዜማ። ሁለተኛው የየኔታ ማስመሰል ነው። አንድ ቀን ይህን ሲሠሩ እውነተኛው የኔታ ከበሩ ውጭ ቆመው ኖሯል። ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞሩት ተማሪዎች አዩአቸው፤ አስመሳዩ ግን ጀርባውን ሰጥቷል። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲንፈቀፈቁ እሱ ለትወናው ስለመሰለው ይብስ ያጋንናል፤ ይስላል፣ ጺሙን ይዳብሳል፣ መቋሚያውን ይወዘውዛል። የኔታ እስኪጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ገቡና ሳላቸው አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ መሆኑን ነግረው፣ ከመጀመሪያው እንዲያስደግመው አዘዙት።

ይህን ካነበብኩ በኋላ 1ኛዋ መምህርት ያሉት ተመልሶ መጣብኝ፤ ልጆቹ ከአስመሳዩ ቀድመው አውቀዋል። ሕፃናት ከኋላህ ነው እያሉ የሚጮኹበት ጭውውት ሁሉ ከዚሁ ነው።

29ኛው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፤ ለመሆኑ የየትኛችን ትምህርት ቤት ነው ክፍት ያለው የምትል። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ምንም አልጻፈም። 30ኛዋ፣ ከሁለት ቀን በኋላ፣ የእሷ ከተዘጋ መቆየቱን፣ እሷ ግን በግቢዋ ከጎረቤት አምስት ልጆች ጋር የማይታየውን ወንበር እንደሠሩት፣ ተመልካች የነበሩት አያቷ ብቻ እንደሆኑና አያትየዋ ልጆቹ እንዳይደክሙ ዱካ አምጥተው እንደሰጧቸው ጻፈች። ዱካው ላይ ተቀምጠው ሥራውን አፈረሱት። እኔ ግን ከእሳቸው ዱካ የተሻለ ፍጻሜ አልጽፍም።

31ኛው ከደጀን የመጣ ሲሆን የጋቢውን ቀልድ ነው ያመጣልን። አንድ ሰው ማዕድ ፊት ቁጭ ይላል፤ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ይደብቃል። አንድ ልጅ ከጀርባው ተንበርክኮ እጆቹን በብብቱ ሥር አሳልፎ ወደ ፊት ያወጣል፤ ሁለቱንም ትልቅ ጋቢ ይሸፍናቸዋል። አፉ የአንዱ፣ እጁ የሌላው። እጁ እንጀራ ይቆርሳል፣ ሽሮ ያጠቅሳል፣ አፍ ይፈልጋል፤ አፍንጫ ያገኛል፣ ጆሮ ያገኛል። ፊትየው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ስለ አዝመራው ያወራል። የሚያስቀው ፊቱ ሲረጋጋ ነው፤ ከሳቀ አለቀ። ለእህሉ የሚጨነቁ ካሉ አንድ ቁራሽ ይበቃል፣ እሱም በመጨረሻ ይበላል ብሎ ለቡሬዋ እናት አስቀድሞ መልስ ሰጥቷል። 32ኛው ስለ ጎጃም እስክስታ ትከሻ ነው፤ የት እንደገባ እኔም አላውቅም።

33ኛው የእኔ ነው። ቅዳሜ ለሙከራ የጋቢውን ሠራን። ፊቱ እኔ ሆንኩ፣ እጁ አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ፤ ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው። ወደ ሃያ የሚሆኑ ሕፃናት ሣር ላይ ተቀምጠዋል። ሽሮው አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ሳቁ፣ እንደተጠበቀው። ከዚያ እጁ ያላጠናነውን ነገር ማድረግ ጀመረ። ማዕዱን ተወው። በሁለት ጣት የማይታይ ጠመኔ ያዘ፣ ወደ አየር አንድ ነገር ጻፈ፣ አቆመ፣ የግራ ጆሮዬን ጫፍ ይዞ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገው፣ በአውራ ጣቱ ቅንድቤን ጠረገ፣ ጠመኔውን ኪሴ ውስጥ ከተተ። ሕፃናቱ ሲስቁ የዚያ ዓይነት ሳቅ ከማይክሮፎኑ ወዲህ አልሰማሁም። ምን እንዳሳቃቸው እኔ አላወቅሁም፤ ሃያው ሁሉ ያውቃሉ። ስንጨርስ አንዷን የ2ኛ ክፍል ልጅ ጠየቅኋት። ጋሼ የቀመር ስሌት ሲጠፋብዎት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት ብላ አስረዳችኝ።

ያንን ለሰኔ 30 ይዘነዋል፤ ምክትላችንም ማይክሮፎኑን ራሳቸው ሊሠሩት ተስማምተዋል፣ የኋሊት መራመዱን እየተለማመዱ ነው። የቀረኝ የጋቢው ነገር ነው። የጎረቤት ነው የተዋስኩት፣ የሽሮው ቅባት በአጃክስም አልለቀቀም። የምታውቁት መላ ካለ 34ኛ ላይ ጻፉልኝ።